የአባቴ ሁለት ባለ ኪቦርድ ስልኮች፦ የቱን ላስጠግንለት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከዚሁ ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። አባቴ መተማና ጎንደር እየተመላለሰ ሰሊጥ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። አሁን ቤት ነው የሚውለው። የገዛንለት ተች ስልክ አልሆነለትም። ጣቱ ወፍራም ነው፣ ትንሽም ይንቀጠቀጣል። አንዱን ልንካ ሲል ሌላው ይከፈትበታል። ሰሞኑን ሳጥኑን ስንፈትሽ ሁለት አሮጌ ስልኮች አገኘን። አንዱ ኖኪያ ኢ71 ነው፤ ሌላው ብላክቤሪ ቦልድ 9000። ሁለቱም ሙሉ ኪቦርድ አላቸው። አባቴ ሲያያቸው ፊቱ በራ። ወንድሜ «ብላክቤሪ የትልቅ ሰው ስልክ ነው፣ እሱ ይጠገን» ይላል። እርስዎ የቱን ይመርጡልናል? ለመሆኑ ዛሬ ይሠራሉ?

መልስ፦ ልጄ፣ ኖኪያውን አስጠግኚላቸው። ብላክቤሪውን አትጣዪው፤ ግን ብር አታፍስሺበት።

ወንድምሽ የሚለው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ባራክ ኦባማ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ብላክቤሪያቸውን አልለቅም ብለው ነበር። የዚያን ጊዜ ባለሥልጣን፣ ጠበቃ፣ የባንክ ሰው፣ ሁሉም እሱን ነበር የሚይዘው። ግን አባትሽ የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው።

ሁለቱም ስልኮች የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ወጡ። እኔ ያኔ ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ዝቅ ብላ በምትገኝ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሞባይል እጠግን ነበር። ኢ71ን ከመተማ ዕቃ ከሚያመጣ ልጅ ገዛሁት። ቦልዱን ውጭ አገር ያለች የአክስቴ ልጅ ላከችልኝ። አንድ ክረምት ሙሉ ሁለቱን በሁለት ኪሴ ይዤ ዞርኩ። ሲም ካርዱን አንድ ሳምንት እዚህ፣ አንድ ሳምንት እዚያ እያደረግሁ።

ከኪቦርዱ ልጀምር፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና። እውነቱን ለመናገር ለመጻፍ ቦልዱ ይበልጣል። ወርዱ 66 ሚሊ ሜትር ነው። የኖኪያው 57 ብቻ። ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ምን ታደርጋለች ትዪ ይሆናል። ለአውራ ጣት ብዙ ታደርጋለች። የቦልዱ ቁልፎች ፊታቸው ዘመም ተደርጎ ስለተቀረጸ ጣት ሳይንሸራተት ያርፍባቸዋል። በመደዳዎቹ መካከል ቀጫጭን የብረት መስመር ተዘርግቷል። ዓይንሽን ጨፍነሽ የትኛው መደዳ ላይ እንዳለሽ ጣትሽ ይነግርሻል። እኔ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ፣ ወደ አዘዞ እየሄድኩ፣ ሳላይ መልእክት እጽፍበት ነበር። የቃለ መጠይቅ ነገር የሚጽፍ ጋዜጠኛ ጓደኛዬ ቦልዱን ከእጄ ነጥቆ ለቀናት አልመልስም ብሎኝ ያውቃል።

የኢ71 ቁልፎች ትንንሽ ናቸው። ግን እያንዳንዱ መሐሉ እንደ ምስር ፍሬ ጉብ ያለ ነው። በጣት ሆድ ሳይሆን በጣት ጫፍ ነው የሚመታው። መጀመሪያ ላይ ሁለት ሁለት ፊደል አብሮ ይመጣብኝ ነበር። ሳምንት ሲሞላኝ ለመድኩት። ለአባትሽ ጣት ይከብዳል ብለሽ አትስጊ። እየተንሸራተተ የሚያስቸግራቸው መስታወት እንጂ ቁልፍ አይደለም። ቁልፍ ካልተጫኑት ዝም ይላል። ሲጫኑት ደግሞ «ጠቅ» ይላል። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ያቺ «ጠቅ» ማለት ትልቅ ነገር ናት። ስልኩ መስማቱን በጣታቸው ያውቃሉ።

በስክሪንም ቦልዱ ያሸንፋል። የሱ 480 በ320 ነጥብ (ፒክስል) ነው፣ የኖኪያው 320 በ240። ፊደሉ ጥርት ብሎ ይታያል።

ታዲያ ለምን ኖኪያውን አልኩሽ? የብላክቤሪ ነፍሱ ቀፎው ውስጥ አልነበረችም። ያኔ ኢሜይሉ መጀመሪያ የካናዳው ካምፓኒ ማሽን ጋ ይደርሳል። እዚያ ይጨመቃል፣ ይቀላል፣ ከዚያ በቴሌኮሙ በኩል ወዲያው ስልኩ ላይ ይጣላል። ሰው ሁሉ ያበደለት በዚያ ነው። ያ አገልግሎት ካልተከፈተለት ብላክቤሪ ውድ የሆነ ተራ ስልክ ነው። የኔ ቦልድ አልተከፈተለትም ነበር። ኢሜይል ለማስገባት ስንት ቀን ለፋሁ! ኢ71 ላይ ግን የኢሜይሌን አድራሻና የይለፍ ቃል አስገባሁ፣ መጣልኝ፣ አለቀ።

ዛሬ ነገሩ ብሷል። ካምፓኒው ለአሮጌዎቹ ብላክቤሪዎች ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት ጃንዋሪ 4 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ዘግቷል። ጥሪና አጭር መልእክት እንኳ በትክክል ይሠራል ብላችሁ አትተማመኑ ብሎ አስታውቋል። ቦልዱ ተነስቶ ሊደውልልሽ ይችላል። ግን አንድ አባት ሌሊት አሞኝ ብሎ ልጁን የሚጠራበት ስልክ «ሊሠራ ይችላል» የሚባል መሆን የለበትም። ይሄን ከልቤ ነው የምልሽ።

ሌላው ኳሷ ናት። ቦልዱ መሐል ላይ የምትሽከረከረዋን ነጭ ኳስ አይተሻታል? በበጋ የጎንደር አቧራ ይገባባታል። ወደ ታች ትሄዳለች፣ ወደ ላይ እምቢ ትላለች። እሷ ከቆመች ሜኑውን መዞር አበቃ ማለት ነው። ስንቷን በስፒሪት አጥቤያለሁ! ኖኪያው ግን አራት አቅጣጫ የሚጫን ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። አቧራም ቢገባው ይሠራል። አካሉም ብረት ነው፤ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር። የደረት ኪስ ውስጥ አይከብድም።

አሁን ከመጠገንሽ በፊት የምታደርጊውን ልንገርሽ። ባትሪውን አውጪና ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አሽከርክሪው። እንደ እንዝርት ከዞረ አብጧል። ቻርጅ ላይ እንዳታደርጊው፣ አደገኛ ነው። ሌላ ግዢ። የኢ71 ባትሪ ቢፒ-4ኤል ይባላል። ኢ63ን ጨምሮ ብዙ ኖኪያዎች የሚጋሩት ስለሆነ መፈለግ ያን ያህል አያስቸግርም። ጎኑ ላይ ዩኤስቢ አለው፣ ግን በሱ ቻርጅ አያደርግም። ብዙ ሰው በዚህ ተሸውዶ «ስልኩ ሞቷል» ብሎ ያመጣልኝ ነበር። ቀጭኗ የኖኪያ ቻርጀር ናት የምታስፈልግሽ።

ባትሪውን ስታወጪ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። ኢ71-1 የሚል ከሆነ ደግ ነው፤ ለኛ አካባቢ የተሠራው እሱ ነው። ኢ71-2 የሚል ከሆነ የአሜሪካው ነው። የሱ ስሪጂ ከኛ ጋር አይገጥምም። ለመደወል ግን በቱጂ ይሠራል።

ቴሌግራም አትጠብቂ። ዋትሳፕም እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለቱንም ትቷቸዋል። ይደውላሉ፣ መልእክት ይልካሉ፣ በ*127# ቴሌብር ይከፍታሉ። ለአባትሽ ይበቃቸዋል ብዬ አምናለሁ።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። የኔ ኢ71 የግዕዝ ፊደል አያውቅም ነበር። በአማርኛ የተጻፈለት መልእክት ሳጥን ሳጥን ብቻ ሆኖ ይመጣል። ኦፔራ ሚኒ በሚባለው የኢንተርኔት መክፈቻ ላይ ፊደሉን በምስል መልክ እንዲያመጣ የምታደርግ መላ ነበረች፤ በእሷ ነበር የአማርኛ ዜና የምናነበው። ለአጭር መልእክት ግን መላ አልነበረም። ስለዚህ ያኔ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የምንጽፈው። ሒሳቡም ያዋጣን ነበር፤ አንድ መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ቁምፊ ይይዛል፣ በአማርኛ ፊደል 70 ብቻ። አባትሽም በዚያ ዘመን የሰሊጥ ዋጋ የሚለዋወጡት እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም። እናንተ ልጆች የምትጽፉላቸውን በዚያው መንገድ ጻፉ። የቴሌብሩንም ቋንቋ እንግሊዝኛ አድርጊው፤ ቁጥሩን ያነቡታል።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል። ሁለቱን ስልኮች መስኮት አጠገብ ጎን ለጎን አስቀምጪና ቁልፎቹን እዪ። የትኛው ነው በጣት ብዛት የወዛው? የየትኛው ፊደል ነው የተፋቀው? ኖኪያው ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ እጃቸው ያውቀዋል። የተፋቀው ብላክቤሪው ከሆነ ግን ጥገናውን ከመጀመርሽ በፊት አባትሽን ጠይቂና ያሉሽን ጻፊልኝ። እኔም ደግሜ አስብበታለሁ።