እስላም ነኝ ወይስ ክርስቲያን?

ጥያቄ፦ ደሴ ሸዋበር ነው የምንኖረው። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ባለቤቴ ኦርቶዶክስ ናት። የ7 ዓመት ልጃችን «እስላም ነኝ ወይስ ክርስቲያን?» እያለ ይጠይቃል። ምን እንበለው?

መልስ፦ ከልጁ በፊት እናንተ ተስማሙ፤ የትኛውን ትምህርት ይማር፣ ማን ይውሰደው። ልጅ የሚከተለው ያየውን ነው፤ ራሱ የማይሰግድ አባት «ስገድ» ቢል ብዙም አይሰማም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27(4) ልጅን በእምነት የማሳደግን መብት የሰጠው ለወላጆች ነው፤ ለአንዳቸው ብቻ አይልም። ነገር የሚበላሸው አያት በድብቅ ስታስጠምቀው ወይም አጎት መድረሳ ሲያስገባው ነው።

ዋናው ጣጣ ሥጋ ነው፤ ወሎ ያደገ ያውቀዋል። ማን እንዳረደው አትደብቁት፤ ድስቱንም ለዩ። ረቡዕና ዓርብ ሽሮው ለሁላችሁም ይሁን፤ በረመዳን ቀን ደግሞ ለልጁ ምሳውን አትከልክሉት። «ስታድግ ትመርጣለህ» ብቻ ብላችሁ አትለፉት፤ እሱ ማወቅ የፈለገው እሑድ ጠዋት የት እንደሚሄድ ነው።