የዝግጅት አዳራሽን ለአካባቢም ለሰውም የሚበጅ ማድረግ፦ ከምን ይጀመር?

ጥያቄዎን እንደተረዳሁት፣ 800 ሰው የሚይዝ አዳራሽ አለ፤ ባለቤቶቹ ለአካባቢም ለማኅበረሰቡም የሚበጅ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ ገንዘቡ ግን ውስን ነው። ሶላር ይቅደም ወይስ ሌላ ነገር?

ሶላር አይቅደም። ጣሪያው የሚያመነጨው ቀን ነው፤ አዳራሽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ማታ ነው። ባትሪ ወይም ትርፉን የሚረከብ መስመር ከሌለ አብዛኛው ኃይል ሳይጠቅም ይቀራል። ከዚያ በፊት መስተካከል ያለበት ጉዳይ አለ፦ ኤሌክትሪኩን የሚጠቀመውና ቆሻሻውን የሚያመጣው ተከራዩ ሆኖ ሳለ ሂሳቡን የሚከፍለው ባለአዳራሹ ነው። ኪራዩ ሁሉንም ያጠቃለለ አንድ ዋጋ ከሆነ፣ የፈለጉትን ያህል ዘመናዊ ዕቃ ቢገጥሙም አዘጋጁ የሚቆጥብበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ይለኩ፤ የለኩትን ደግሞ ውል ውስጥ ያስገቡ።

ለመድረክ፣ ለአየር ማቀዝቀዣና ለወጥ ቤት ለየብቻ ንዑስ ቆጣሪ ማስገጠም ከሁሉ ይሻላል። እሱ እስኪደርስ ዋናውን ቆጣሪ በየዝግጅቱ አምስት ጊዜ አንብቦ መመዝገብ ይበቃል፦ ዕቃ መግባት ሲጀምር፣ በር ሲከፈት፣ ዝግጅቱ ሲያልቅ፣ ዕቃው ተነቅሎ ሲወጣ፣ በማግሥቱ ጠዋት። ብዙ የሚናገረው የመጨረሻው ንባብ ነው። ሰው በሌለበት ሌሊት ቆጣሪው ሲቆጥር ካደረ፣ አንድ ሰው ቆጣሪው ፊት ይቁም፣ ሌላው ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ያጥፋ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ባዶውን የሚሠራ የመጠጥ ፍሪጅ፣ ሳይጠፋ የቀረ አምፕሊፋየር፣ የውሃ ማሞቂያ ወይም የተረሳ ፋን ነው። ሙከራውን ከመጀመርዎ በፊት ግን የእሳት ማስጠንቀቂያው፣ የአደጋ ጊዜ መውጫ መብራቱ፣ የደህንነት ካሜራውና ምግብ ያለበት ፍሪጅ ብሬከሮች ላይ ቀይ ቴፕ ይለጥፉ፤ እነሱ አይነኩም።

መብራት ላይ፣ 1,000 ዋት የሚወስድ የመድረክ ሃሎጅን 200 ዋት ገደማ በሆነ ኤልኢዲ ሲተካ ጥቅሙ ድርብ ነው። መብራቱ የሚወስደው ኃይል በሙሉ ማለት ይቻላል ሙቀት ሆኖ አዳራሹ ውስጥ ስለሚቀር፣ እሱ ሲቀንስ ማቀዝቀዣውም ሸክሙ ይቀልለታል። ነገሩ የሚበላሸው አገጣጠም ላይ ነው። ኤልኢዲው በድሮው ዲመር (የመብራት ድምቀት መቀነሻ) ላይ ከተሰካ መብራቱ ይርገበገባል፣ ውሎ አድሮም ይበላሻል። የመድረክ ኤልኢዲ የሚፈልገው በዲመር ሳያልፍ የሚመጣ ኃይል ነው፤ ድምቀቱ የሚስተካከለው በዲኤምኤክስ (የመድረክ መብራቶችን በሚያዝ የምልክት መስመር) ስለሆነ ዲመሩ ከመስመሩ መውጣት አለበት። ለጽዳትና ለወንበር ድርደራም ራሱን የቻለ የሥራ መብራት ይዘርጉ።

አየሩን በተመለከተ፣ የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል። 800 ሰው ማለት 80 ኪሎዋት ነው። አዳራሹ ሰው ሳይገባ ቀድሞ መቀዝቀዝ አለበት፤ ከታፈነ በኋላ ማሽኑ እስከ መጨረሻው ቢከፈትም አይደርስም። በብርድ ወቅት በተቃራኒው በር ሲከፈት ማሞቂያው ይቀነስ፤ ቀሪውን ሰዉ ራሱ ያሞቀዋል። ፋኑ ላይ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ቢገጠም፣ ፍጥነቱ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ የሚወስደው ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል። ምን ያህል መቀነስ እንደሚቻል የሚነግርዎ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሴንሰር ነው፤ የውጭ አየር 420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 420 እጅ) ገደማ ሲሆን ውስጡ ከ1,000 ባያልፍ ጥሩ ነው። ሴንሰሩን በር አጠገብ ወይም ንጹህ አየር የሚገባበት አፍ ሥር አይስቀሉት፤ ሰው ታፍኖ ሳለ "ሰላም ነው" ይላል።

ጄኔሬተር የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ከአቅሙ ከ30 በመቶ በታች ለረጅም ሰዓት ሲሠራ ነዳጁ በደንብ ስለማይቃጠል ጭስ ማውጫውና ሞተሩ ይቆሽሻል። ከአንድ ትልቅ፣ እንደ ጭነቱ የሚበሩ ሁለት ትንንሾች ይሻላሉ።

ወደ ቆሻሻው ስንመጣ፣ አንዱን ዓይነት ገንዳ ብቻውን የትም አታቁሙ። የየዓይነቱ ማጠራቀሚያዎች ሁልጊዜ ጎን ለጎን፣ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተልና ቀለም ይሁኑ፤ ለጠርሙስ የተመደበው ክዳን ክብ ቀዳዳ ብቻ ይኑረው። ሆኖም ከክዳንም ከጽሑፍም የሚበልጠው በእረፍት ሰዓት አጠገቡ የሚቆም ሰው ነው። "ይበሰብሳል" ተብለው የሚሸጡ የፒኤልኤ (ከዕፅዋት የሚሠራ ፕላስቲክ) ኩባያዎችን ከመግዛትዎ በፊት ቆሻሻ ሰብሳቢውን ይጠይቁ። የሚፈርሱት 60 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ የፋብሪካ ኮምፖስት ውስጥ ነው፤ ያ ከሌለ ተራ ቆሻሻ ናቸው፣ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ጋር ሲቀላቀሉም ያንን ያበላሻሉ።

በማስያዣ ገንዘብ የሚሰጥ ታጥቦ የሚደገም ኩባያ ይሻላል። ችግሩ ማጠቡ ላይ ሳይሆን ማድረቁ ላይ ነው። ኩባያው የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ፖሊፕሮፒሊን፣ እንደ ብርጭቆ ሙቀት ስለማይዝ ከማሽን ሲወጣ ርጥብ ነው። እንዲሁ ከተደራረበ ይሸታል፣ ይሻግታል። ማድረቂያ መደርደሪያና አየር የሚነፍስበት ቦታ ሳያዘጋጁ ኩባያውን አይግዙ። ማስመለሻ ቦታውም መውጫው አጠገብ ይሁን፤ ሰልፍ ከበዛ ሰው ኩባያውን ይዞት ይሄዳል።

ትርፍ ምግብ ለሌሎች እንዲደርስ ከተፈለገ ተረካቢው ቀደም ብሎ መታወቅ አለበት፤ በዕለቱ ማታ ስልክ መደወል አያዋጣም። ለእንግዳ ያልቀረበው ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ ተይዞ ይቆይ ወይም በፍጥነት ይቀዝቅዝ፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ 21፣ በቀጣዩ 4 ሰዓት ወደ 5 ዲግሪ። ጥልቅ ድስት ውስጥ እንዳለ ፍሪጅ ከገባ መሃሉ ትኩስ ሆኖ ስለሚያድር ጠፍጣፋ ትሪ ላይ ይዘርጉት። ቡፌ ላይ የቆየው ግን ለማንም አይሰጥም።

ውሉ ላይ የሚከተለውን ያስገቡ፦ ኤሌክትሪክ በቆጣሪ ንባብ፣ ቆሻሻ በኪሎ ተመዝኖ ይከፈላል፤ ኮንፌቲ፣ ብልጭልጭና ለአንድ ዝግጅት ብቻ የሚነጠፍ ምንጣፍ አይፈቀድም፤ አዘጋጁ ያስገባውን ሁሉ ይዞ ካልወጣ ማስያዣው አይመለስም። ይህ ሁሉ፣ ዋጋ ላይ ስምምነት ሳይደረስ፣ ገና መጀመሪያ ላይ ይነገር። ዕቃ በሚገባበት ቀን ቢነገር ጠብ ብቻ ነው።

ማኅበራዊው ጎን ብዙ ጊዜ በአንድ ራምፕ ይታለፋል። 1 ለ12 ዘንበል (ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት) ማለት 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላለው መድረክ 7.2 ሜትር ራምፕ ነው፤ ቦታው ከአሁኑ ይታሰብበት። ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ታዳሚ ብቻ ሳይሆን ተናጋሪም ነው። ቦታዎቹ በአንድ ጥግ አይከማቹ፤ በየዋጋው ክፍል ይኑሩ፤ አጠገባቸውም ለአጃቢ ወንበር ይኑር። የአካል ጉዳተኞች መጸዳጃ የመወልወያና የወንበር መጋዘን ሆኖ እንዳይገኝ በር ከመከፈቱ በፊት በየዝግጅቱ ይታይ።

ሠራተኞቹስ? 85 ዲሲቤል ውስጥ 8 ሰዓት መሥራት ይቻላል ቢባል፣ በየ3 ዲሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቀረው። የጆሮ መከላከያ ለድምፅ ባለሙያው ብቻ አይደለም፤ ስፒከሩ ሥር ለሚቆመው ጥበቃና ለአስተናጋጁም ነው። ሌሊት ለሚጨርሱት የጽዳት ሠራተኞች መጓጓዣ፣ ምግብና መቀመጫ ያለው ማረፊያ በዝግጅቱ በጀት ውስጥ ይግባ።

ለጎረቤት ድምፅ ሲለኩ መለኪያው "ኤ" በተባለው ማስተካከያ ላይ ከሆነ እንቅልፍ የሚነሣውን ቤዝ (ወፍራም ድምፅ) አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። "ሲ" በተባለው ላይ አድርገው ጎረቤቶቹ አጥር ጋ ቆመው ይለኩ፤ ሌሊት የሚያነሣ ሰው ያለበት ስልክ ቁጥርም ይስጧቸው።

አይኤስኦ 20121 የተባለው የዝግጅት ዘላቂነት መስፈርት በ2012 ወጥቶ በ2024 ተሻሽሏል። የሚጠይቀው ዕቃ መግዛትን ሳይሆን ማን ምን እንደሚለካ፣ ማን እንደሚወስንና ማን እንደተጠየቀ ነው። ስለዚህ የምስክር ወረቀቱን ለመጠየቅ አይቸኩሉ፤ የአንድ ዓመት የቆጣሪና የሚዛን መዝገብ በእጅዎ ሲኖር ከግማሽ በላይ የሆነው ሥራ አልቋል ማለት ነው።