«ለከፈው» እና «ክንፍ አለላት»

ጥያቄ፦ አያቴ የምትኖረው ማቻከል ነው። የጎረቤት ልጅ ፍቅር ሲይዘው «ይኸን ልጅ ምን ለከፈው?» ትላለች። እኛ ደብረ ማርቆስ «ለከፈኝ» የምንለው መንገድ ላይ ያስቸገረንን ወንድ ነው። ቃሉ አንድ ነው? «ክንፍ አለላት» እና «በፍቅር ወደቀ»ስ ከየት መጡ?

መልስ፦ አዎ፣ አንድ ነው። «ለከፈ» በግዕዝ ነካ ማለት ነው። አማርኛ ደግሞ የማይታይ ነገር ሰውን ሲነካ ይጠቀምበታል። ገጠር ያደገች ልጅ «በቀትር ወንዝ አትውረጂ፣ ይለክፍሻል» ስትባል ሰምታለች። የሚለክፈው ጋኔን ወይም ዛር ነው፤ ሕመሙም ልክፍት ይባላል። እህል አልበላ ያለ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ ሲያዩ አያትዎ ሌላ ምን ይበሉ? ምልክቱ ሁሉ የልክፍት ነው።

የከተማው «ለከፈኝ» የመጣውም ከዚሁ ነው፤ በቃል መንካት፣ መተንኮስ። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። በአያትዎ አነጋገር ነኪው ፍቅር ነው፣ የተነካው ልጁ። በመንገዱ ለከፋ ግን ነኪው ወንዱ ራሱ ነው፤ የምትነካው ደግሞ ፈቃዷን ያልተጠየቀች ሴት። ስለዚህ «ወዶኝ ነው የለከፈኝ» የሚባለውን ነገር በፍጹም አልቀበለውም።

አማርኛ በዚህ ጉዳይ ፍቅርን ባለቤት፣ ሰውን ተሳቢ ማድረግ ይቀናዋል። ጉንፋን ያዘኝ፣ እንቅልፍ ያዘኝ፣ ፍቅር ያዘኝ እንላለን። «ቀልቤን ሰረቀችው» ስንልም ተሰራቂዎቹ እኛ ነን፤ ቀልብ በዐረብኛ ልብ ነው። ከደብተራ ይገኛል የሚባለው መስተፋቅርም ከውጭ መጥቶ ሰውን የሚይዝ ነገር ነው። ቃሉ ግዕዝ ነው፣ የሚያፋቅር ማለት። በሰዋስው ትምህርት የምናውቀው መስተዋድድም ቅርጹ ያው ነው።

«ክንፍ አለላት» ግን ለየት ይላል፤ ለዚህም ነው የምወደው። ነገሩ ከክንፍ ነው፤ ከነፈ ማለት በፍጥነት በረረ ነውና። እዚህ ላይ ልጁን የያዘው የለም፤ የሚበረው ራሱ ነው።

«በፍቅር ወደቀ» ከእንግሊዝኛ በትርጉም የገባ ነው። አሁን ስለተለመደ ስህተት ነው አልልም። ለጽሑፍ ከሆነ የጠየቁኝ ግን «ፍቅር ያዘው»ን እመርጣለሁ።