መልስ፦ ገመድ አልባ ጆይስቲክ ስትገዛ

ለፒኤስ 5 (ፕሌይስቴሽን 5) ኦሪጅናሉን ጆይስቲክ ልግዛ ወይስ ርካሹን ብለህ ለጠየቅከው፣ ከዋጋው በፊት መሥራቱን አጣራ። የፒኤስ 4 ጆይስቲክ ፒኤስ 5 ላይ ይገናኛል፣ የሚያጫውትህ ግን የፒኤስ 4 ጌሞችን ብቻ ነው። ሻጭ ይህን ላይነግርህ ይችላል።

ዋናው ነገር አናሎጉ፣ ማለትም በአውራ ጣት የምትገፋው ዱላ ነው። የአብዛኞቹ፣ የኦሪጅናሉም ጭምር፣ በፖቴንሺዮሜትር፣ ማለትም እየተነካካ እንቅስቃሴውን በሚለካ ክፍል ነው የሚሠራው፤ እየተፋተገ ያልቅና ሳትነካው ተጫዋችህ ብቻውን መሄድ ይጀምራል፣ ድሪፍት የሚሉት ማለት ነው። ሆል ኢፌክት የተባለው በማግኔት ስለሚሠራ ይህ መፋተግ የለበትም። እኔ ብሆን ገንዘቤን የማወጣው ለሱ ነው። ስትሞክረው አውራ ጣትህን አንሳና የጌሙን ካሜራ ተመልከት፤ ከዞረ ተወው። ቀስ አድርገህም ግፋው። በእርጋታ መራመድ ሲገባው በአንዴ ሩጫ ከጀመረ ኳስ ጌም ላይ ያናድድሃል።

ባትሪ ብዙ አያስጨንቅህ፤ የኦሪጅናሉ 1560 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፣ ንዝረት ሲበዛ ቶሎ ያልቃል፣ ግን በዩኤስቢ ሲ ገመድ ቻርጅ እያደረግክ መጫወት ትችላለህ።

ቁልፍ ስጫን ጌሙ ላይ ይዘገያል ላልከው ደግሞ ጆይስቲኩን ከመውቀስህ በፊት ቴሌቪዥኑን ጌም ሞድ ላይ (መዘግየት የሚቀንሰው የቴሌቪዥኑ ሴቲንግ) አድርገው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ነው።