የአንበሳ ማህተም ያለው ቤልጅግ ማውዘርህን ለአደን ከማዘጋጀትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ከኢትዮጵያ መጋዘኖች ወጥተው አሜሪካ ገበያ ላይ ከታዩት አሮጌ ጠመንጃዎች አንድ ቤልጅግ ማውዘር ገዝተሃል። ከቻምበሩ (ጥይቱ ከሚቀመጥበት የበርሜሉ ኋላ) በላይ የይሁዳ አንበሳ አለበት። ብረቱ ዝጓል፣ ሰደፉ ተፋፍቋል። አሁን በርሜሉን አሳጥረህ፣ ስኮፕ (አጉልቶ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) ገጥመህ አጋዘን ልታድንበት ነው። «ከምን ልጀምር?» ብለሃል። አሮጌ የጦር ጠመንጃ ማደስ ከጀመርኩ ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ መጋዙን አስቀምጥ። ይሄ ጠመንጃ ከኢጣሊያ ወረራ በፊት ለንጉሠ ነገሥቱ ጦር ከተገዙት ነው። በቤልጅግ መኮንኖች የሰለጠነው የክብር ዘበኛ በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የተዋጋው እንዲህ ያለ ትጥቅ ይዞ ነው። ከተቆረጠና ከተበሳ በኋላ የሚመልሰው ሰው የለም። ሰብሳቢዎች ዘንድ ያለው ዋጋም በአንድ ከሰዓት ይወድቃል። ለእኔ ግን ከዋጋው በላይ ነው፤ ያ አንበሳ ላይ ትራፓኖ ሲያርፍ ማየት ያመኛል። እንዳለ አድሰው፣ በራሱ ማነጣጠሪያ እስከ 100 ያርድ አድንበት። ስኮፕ የግድ ካልክ ከዓመታት በፊት ሌላ ሰው የቆረጠው ሞዴል 98 ማውዘር ፈልግ። በየጠመንጃ ሱቁ ጥግ ሞልቷል፣ ዋጋውም አይከብድም። የልብህን ሁሉ እሱ ላይ ሥራ።

ለሁለቱም ግን እንጨትና ቀለም ከመንካትህ በፊት ደህንነቱን አረጋግጥ። ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አይተህ ቦልቱን (ጥይቱን ወደ ውስጥ ገፍቶ የሚዘጋውን ዘንግ) አውጣ። ቦልቱ ላይ ያለው ቁጥር ከሪሲቨሩ (ቦልቱና በርሜሉ ከሚገቡበት ዋና አካል) ቁጥር ጋር ይመሳሰላል? በነዚህ ዕቃዎች ላይ ብዙ ጊዜ አይመሳሰልም። ያ ማለት ቦልቱ የሌላ ጠመንጃ ነው፤ ስለዚህ ሄድስፔሱ መለካት አለበት። ሄድስፔስ ማለት ቦልቱ ሲዘጋ ለቀለሁ የሚተርፈው ቦታ ነው። ከበዛ ቀለሁ ተቀድዶ ጋዙ ወደ ፊትህ ሊመጣ ይችላል። መለኪያዎቹ ውድ አይደሉም። ቦልቱ «ጎ» በሚባለው ላይ መዘጋት አለበት፣ «ፊልድ» በሚባለው ላይ ግን መዘጋት የለበትም። «ፊልድ» ላይ ከዘጋ ግድግዳ ላይ ስቀለው እንጂ አትተኩስበት። መለኪያ ማንበብ ካልለመድክ ጋንስሚዝ (ጠመንጃ ጠጋኝ) ጋ ውሰደው፣ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ቀጥሎ የበርሜሉን ውስጥ እይ። ውስጡ የተቦረቦረ ወይም የጠቆረ በርሜል ብዙ ጊዜ ደህና ይመታል። የሚያሳስበው አፈሙዙ ነው። ለዓመታት በዘንግ ሲጠረግ ከጫፉ ይበላል። ጥይት ወስደህ ጫፉን አፈሙዙ ውስጥ ክተት፤ ቀለሁ ድረስ ሰተት ብሎ ከገባ ተበልቷል ማለት ነው። ካልተበላ ደስ ይበልህ። የጀርመን አሮጌ ማውዘር ለሚገዙ ደግሞ አንድ ነገር፦ ጀርመኖች በ1905 እ.ኤ.አ. የጥይቱን ስፋት ከ.318 ወደ .323 ኢንች ቀይረዋል። ያልተለወጠ አሮጌ በርሜል ላይ አዲሱን ጥይት መተኮስ አደጋ ነው።

አሁን ወደ ዝገቱ እንምጣ፤ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሽቦ ጎማ እንዳትነካው! የአንበሳውን መስመር ትበላዋለህ። ጠመንጃውን ፈትተህ ብረቱን ከእንጨቱ ለይ። ጠጣር ግሪሱን በማዕድን ቅባት ማሟሟያ አጥበህ፣ በአሴቶን ቅባቱን ጨርሰህ አውጣ። ከዚያ በተጣራ ውኃ ቀቅለው። የቧንቧ ውኃ ኖራ ስለሚተው አይሆንም። በርሜሉ ረጅም ስለሆነ ረዥም የብረት ገንዳ ያስፈልግሃል፤ ሁለት የካምፕ ምድጃ ላይ ይቀመጣል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲንተከተክ ቀዩ ዝገት ዓይንህ እያየ ወደ ጥቁር ይለወጣል። አውጥተህ፣ ቅባቱ በአሴቶን በወጣለት በጣም ቀጭን የብረት ሱፍ ቀስ ብለህ ጥረገው። ልል የሆነው ጥቁር ዱቄት ይነሳል፣ የተያያዘው ግን ይቀራል። ከሥሩ ያንን አሮጌ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ታገኛለህ። ቀይ ነገር እስካየህ ድረስ ደግመህ ቀቅል። ሲበቃው ትኩስ እያለ ዘይት ቀባው። ዝገቱ ራሱ መከላከያ ሆኖ ይቀራል። አንበሳው ጥርት ብሎ ሲወጣ ሳይ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

እንጨቱ ብዙ አያስቸግርም። ግሪስ ከጠጣ ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ አድርገህ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው፣ ላቡን ያወጣል። ወደ ውስጥ የተጫነውን ጉድጓድ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነህ በካውያ ተኩሰው፤ እንፋሎቱ እንጨቱን ያነሳዋል። ከሪሲቨሩ ኋላ ስንጥቅ ካለ ሳይጣበቅ አትተኩስ። ከዚያ የተልባ ዘይት በጣትህ በስሱ ቀባ፣ አድርቀህ ድገም። ዘይት የነካውን ጨርቅ ግን ጠቅልለህ ቆሻሻ ውስጥ አትጣለው፤ ራሱን በራሱ ያነዳል። ዘርግተህ ውጭ አድርቀው።

ለተቆረጠው ማውዘር ስኮፕ ስትገጥም ሦስት ነገር እንደሚያስቸግር እወቅ። ቦልቱ ሲነሳ እጀታው ስኮፑን ይመታል፣ ስለዚህ መታጠፍ ወይም ተቆርጦ ዝቅ ብሎ መበየድ አለበት። የማውዘሩ ሴፍቲ (እንዳይተኮስ የሚቆልፈው) ክንፍም ወደ ላይ ስለሚቆም በጎን የሚሠራ ይተካበታል። ሪሲቨሩን ቀጥ አድርጎ መብሳትም ቀላል አይደለም፣ ላዩ ጠንካራ ነው። እነዚህን ሦስቱን ለጋንስሚዝ ስጥ። በተለይ ብየዳው ሙቀቱ ወደ ቦልቱ መቆለፊያ ጥርሶች እንዳይሄድ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ብረቱ ጥንካሬውን ካጣ ጠመንጃው አለቀለት። ምላጩን ራስህ መቀየር ትችላለህ። ስትጨርስ ባዶውን ጠመንጃ አቀባብለህ ሰደፉን ጎማ ላይ ኳ አድርገው፤ ምላጩን ሳትነካ መምቻው በራሱ ከወደቀ አልተስተካከለም።

የአንተው ላይ ስኮፕ ካማረህም ሳይበሱ የኋላውን ማነጣጠሪያ ተክቶ የሚገባ መግጠሚያ አለ። ወደ ፊት የሚቀመጥ ልዩ ስኮፕ ይፈልጋል። የወጣውን ማነጣጠሪያ ከነፒኑ ከረጢት ውስጥ አስቀምጠው። ብዙ የጦር ማውዘሮች ቅርብ ላይ ከፍ አድርገው ይመታሉ፤ መፍትሔው ረዘም ያለ የፊት ማነጣጠሪያ ነው። የድሮውን አትሞርደው፣ አስቀምጠው።

በርሜል የምታሳጥሩ ሰዎች፣ የፌዴራል ሕጉ ከ16 ኢንች በታች በርሜል ወይም በጠቅላላ ከ26 ኢንች በታች ጠመንጃ ያለ ልዩ ፈቃድ አይፈቅድም። ጠመንጃ ለመግዛት ዜጋ መሆን የግድ አይደለም፣ ግሪን ካርድ ይበቃል። በጊዜያዊ ቪዛ ላይ ያላችሁ ግን በመደበኛው የተከለከላችሁ ናችሁ፤ የጸና የአደን ፈቃድ የያዘ ሰው ልዩ ሁኔታ አለው። ኦሃዮ ያላችሁም የዚህ ማውዘር ቀለህ አንገቱ የጠበበ ስለሆነ ለአጋዘን አይፈቀድላችሁም፣ እዚያ ቀጥ ያለ ቀለህ ነው የሚፈለገው። የየስቴቱን ደንብ ከመውጣታችሁ በፊት እዩ።

ጥይቱን በተመለከተ፣ የጦር ጥይት ለአደን አትጠቀም። ሙሉ ሽፋን ያለው ጥይት አጋዘኑን ወግቶ ያልፍና እንስሳው ቆስሎ ጫካ ውስጥ ይጠፋል፤ ብዙ ስቴቶችም ይከለክሉታል። አሮጌው ጥይት ላይ ያለው ፕራይመር (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) ደግሞ ጨው ይተዋል፣ ጨውም እርጥበት ስቦ በርሜሉን ይበላል። ለልምምድ ከተኮስከው የዚያኑ ዕለት በፈላ ውኃ እጠበው፣ ከዚያ ዘይት። ለአደኑ 170 ግሬን የሚመዝን ለስላሳ ጫፍ ያለው የአሜሪካ ጥይት በቂህ ነው። ከአውሮፓው ደከም ያለ ነው፤ አሮጌ በርሜሎችን ላለመጉዳት በ35,000 ፒኤስአይ የግፊት ወሰን ስለሚሞላ። ለአጋዘን ከበቂ በላይ ነው፣ ትከሻህንም አይጎዳህም።

አሁን የሚያስፈልገኝ ፎቶ ነው። የቦልቱን ቁጥር፣ የሪሲቨሩን ቁጥርና አፈሙዙን ከፊት ቀርበህ አንሳና እዚሁ ለጥፍልኝ።