የኋላውን ጎማ አስቀድሚ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ጓደኛዬ በሐምሌ ከኪርጊስታኗ ኦሽ ተነስተን፣ በፓሚር ተራሮች አድርገን ታጂኪስታን ዱሻንቤ ድረስ በብስክሌት ልንሄድ አስበናል። ያለኝ አሮጌ የብረት ማውንቴን ባይክ ነው። ሰው ሁሉ አዲስ ግዢ ይለኛል። ልግዛ ወይስ ይቅር? መንገድ ላይ ሊያስቆመን የሚችለውስ ምንድን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይቅርብሽ። ብስክሌቱ ጤነኛ ከሆነ ገንዘቡን ለኋላው ጎማ አድርጊው።

ለምን የኋላው ካልሽኝ፣ ክብደትሽም ጓዝሽም በብዛት የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ቸርኬውን ከመሀሉ ጋር የሚወጥሩት ሽቦዎች፣ ስፖኮቹ ማለቴ ነው፣ በማርሹ በኩል ያሉት ከግራዎቹ የበለጠ የከረሩ ናቸው። የእኔ አንዱ በዚያ በኩል ተበጠሰ። በማግስቱ ጎረቤቱ ተከተለው። መለዋወጫ ስፖክ ይዣለሁ፣ ማርሹን የምፈታበት መፍቻ ግን የለኝም! ማርሹ ካልወጣ ደግሞ አዲሱ ስፖክ አይገባም። ቸርኬው ሲወላገድ ፍሬኑን ይነካ ጀመር። የኋላ ፍሬኔን ፈታሁትና እንደ ሰካራም ግራ ቀኝ እያልኩ ሁለት ቀን ተጓዝኩ። ቁልቁለቱን በእግሬ ነው የወረድኩት።

ስለዚህ 36 ስፖክ ያለው ቸርኬ በደንብ ለሚያውቅ ባለሙያ ሰጥተሽ አስወጥሪ። የቀኙና የግራው ስፖክ ርዝመት ሊለያይ ስለሚችል ከሁለቱም መለዋወጫ ያዢ። ማርሽ መፍቻውን ይዞ መሄድ ብቻ አይበቃም፤ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ አንዴ ፍቺበት፣ አንዴ ግጠሚበት። የቸርኬው የቫልቭ ቀዳዳም ሰፊው ይሁን። ቀጭኑ ቫልቭ በሰፊው ቀዳዳ በትንሽ ማጥበቢያ ይሠራል። እንደ መኪና ጎማ ያለው ወፍራሙ ቫልቭ ግን በጠባቡ አይገባም። የውስጥ ጎማ ከመንገደኛ ለምነሽ በምታገኚበት አገር ይሄ ቀልድ አይደለም።

መንገዱ ብዙ ቦታ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የተሸነሸነ ነው። ንዝረቱ ብሎን ያላላል። ማታ ድንኳን ከተከልሽ በኋላ የዕቃ መጫኛውን ብሎኖች አንድ በአንድ አጥብቂ። ደክሞኛል ያልሽ ቀን ነው የሚወድቀው።

ውሃ ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተሸውጃለሁ። ካራኩል የሚባል ትልቅ ሐይቅ ታገኛላችሁ፣ ስሙ «ጥቁር ሐይቅ» ማለት ነው። እዚያ ስደርስ ኮዳዬ ባዶ ነበር። ያን ሁሉ ውሃ ሳይ ደስ አለኝ፣ ቀመስኩት፣ ጨው ነው። የእጅ ማጣሪያ ደግሞ ጨው አያወጣም። ሁለተኛው የባሰ ነው። ማጣሪያዬን ድንኳኑ ጥግ ጥዬው አደርኩ። ሌሊቱ በረዶ ሠራ። በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ውሃ ይዘው ከቀዘቀዙ ይሰነጠቃሉ፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። ውሃው እንደወትሮው እየወረደ ነበር። መበላሸቱን የነገረኝ ሆዴ ነው። ማጣሪያሽን እንደ ሕፃን አቅፈሽው ተኚ። ካጠራጠረሽ አፍዪ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ።

ብስክሌቱ ደህና ሆኖ ሰው የሚቆመው ወደ ከፍታ ለመውጣት በመጣደፍ ነው። ኦሽ ከፍታዋ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ከድንበሩ በፊት ያለችው የኪርጊስታን መንደር ሳሪታሽ 3,170 ትደርሳለች። ድንበሩ ላይ ያለው የተራራ ማለፊያ ቂዚልአርት 4,280 ሜትር ነው፣ ከካራኩል በኋላ የሚመጣው ሌላው ማለፊያ አክባይታል 4,655። ከ3,000 ሜትር በላይ የዛሬ መኝታሽ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል ይመከራል። እኔ ጉልበት አለኝ ብዬ ከሳሪታሽ ተነስቼ በዚያው ቀን ካራኩል ገባሁ። 3,900 ሜትር ላይ ነው። ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ፣ የበላሁትንም መለስኩት። ሁለት ሌሊት እዚያው ተኛሁ። ራስ ምታት ብቻ ከሆነ ባላችሁበት አርፋችሁ ጠብቁ። ጓደኛሽ ስትራመድ ከተንገዳገደች ወይም ቁጭ ብላም ትንፋሽ ካጠራት ግን ወደ ታች ውረዱ። ጨለማ ነው፣ ነገ ይነጋል አትበሉ። የሚያልፍ መኪና ካለ ብስክሌቱን ጥላችሁት ግቡ።

ወረቀቱንም አትርሱ። ፓሚር ላለበት ለታጂኪስታኑ ክልል ለጎርኖ ባዳክሻን ከቪዛው ሌላ የይለፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ መንገድ ላይ ያሉት ኬላዎች ይጠይቁታል። የሁለቱ አገሮች ድንበር እ.ኤ.አ. በ2021 ተዘግቶ እስከ 2025 እንደተዘጋ ከርሟል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቂዚልአርት በብስክሌት ያሳልፍ እንደሆነ ጠይቁ። ካላሳለፈ ከዱሻንቤ ተነስታችሁ ፓሚር ላይ ወዳለችው ከተማ እስከ ሙርጋብ ሄዳችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ያም ቢሆን አክባይታል ከሙርጋብ ወዲያ ስለሆነ ይቀርባችኋል፤ እኔ ብሆን ቀናት ጨምሬ ደርሼው እመለሳለሁ።