«ጨዋታ እንጂ ትምህርት አይወድም»

«የ4 ዓመት ልጄ ፊደል ላስቆጥረው ስል አንድ ደቂቃ አይቀመጥም። ካርቶን ውስጥ ገብቶ ‹አውቶቡስ› እየነዳ፣ ብቻውን እያወራ ይውላል። አባቱም ከሥራ ሲገባ አብሮት መሬት ላይ ይንከባለላል። ‹አታበላሽብኝ› ስለው እንጣላለን። ልጁ እኔን ሲያይ ይሸሻል። ምን ላድርግ?»

ውድ ጠያቂያችን፣ አንድ ደቂቃ አይቀመጥም ያሉት ልጅ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ እንደሚውል የነገሩኝም እርስዎ ነዎት። ትኩረት አልጎደለውም።

እስቲ አውቶቡሱን ጠጋ ብለው ይዩት። ሾፌር ነኝ ካለ፣ መሮጥ ቢያምረውም መሪውን ይዞ ይቀመጣል፤ ተሳፋሪው እስኪገባ ይጠብቃል። ሕጉን ያወጣው ራሱ ስለሆነ ያከብረዋል። በዚህ ዕድሜ ራስን መግዛት ከሚለመድባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። የሶቪየቷ ተመራማሪ ማኑይለንኮ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመችው ጥናት፣ ትንንሽ ልጆች እንዲሁ «ሳትንቀሳቀሱ ቁሙ» ከሚባሉ ይልቅ ዘብ ጠባቂ ሆነው ሲጫወቱ ረዘም ላለ ጊዜ ጸጥ ብለው እንደሚቆሙ አሳይታለች። ብቻውን ማውራቱም አያስጋዎት፤ ሥራውን በቃል እየመራ ነው፤ ውሎ አድሮ ድምፁ ወደ ውስጥ ገብቶ ሐሳብ ይሆናል። ደግሞም ካርቶን አውቶቡስን እንዲወክል ያደረገ ልጅ፣ አንድ ምልክት ድምፅን ሊወክል እንደሚችል ለመረዳት እየተዘጋጀ ነው። ፊደል ማለት ይኸው ነው።

አሁን የምለው ቅር እንዳያሰኝዎ። በደብዳቤዎ ውስጥ አባቱ ይጫወታሉ፤ እርስዎ ያስጠናሉ፣ ይቆጣሉ። ከልጁ ጋር የሳቁበት ቦታ ፈልጌ አጣሁ። ባለቤትዎ ልጁን እያበላሹ ነው ብዬ አላምንም። ምናልባት ያስከፋዎት፣ ማጠቡም ማልበሱም በእርስዎ ላይ ወድቆ ሳለ ልጁ ሮጦ የሚሄደው ወደ እሳቸው መሆኑ ይሆን? ከሆነ፣ የሚያም ነገር ነው።

ለሁለት ሳምንት ያህል ፊደሉን ይተዉት። በቀን 15 ደቂቃ፣ ስልክዎን አርቀው፣ አጠገቡ መሬት ላይ ይቀመጡና «የት ልቀመጥ?» ብለው ይጠይቁት። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ «ይህ ምን ቀለም ነው? ጎማው ስንት ነው?» ሲባል ጨዋታው ፈተና ይሆንና ልጁ ጥሎ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ «አንቺ አትጫወቺም» ሊልዎ ይችላል፤ ሳይቀየሙ እዚያው ይቆዩ። ትኬት ልጻፍ ያለ ቀን ፊደሉን ራሱ ይጠይቅዎ ይሆናል፤ ባይጠይቅም በ4 ዓመቱ አልዘገየም።

ከባለቤትዎ ጋር ያለው ቅሬታ ግን በዚህ ብቻ የሚፈታ አይመስለኝም። ሁለታችሁም አንድ ላይ አማካሪ ዘንድ ብትቀርቡ፣ ከልጁ ጠባይ በፊት የቤቱ ሥራ በማን ላይ እንደወደቀ ብታነሱ እመርጣለሁ።